የገንዲ መድኃኒት የሚያርፍበት ቦይ

በጊቤ ሸለቆ ቆላ ዝንብ ነድፋው ገንዲ የያዘው በሬ ቀስ በቀስ ይከሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ያንሳል፣ ውሎ አድሮም ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶም የተባለ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ነው። ከብቶች ለዚህ በሽታ ለአሥርት ዓመታት ሲወጓቸው ከኖሩት ጥቂት መድኃኒቶች መካከል ሆሚዲየምና ዲሚናዚን ይገኛሉ። ሁለቱም የጥገኛውን ዲኤንኤ ራሱን የሚይዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ይህ ሲያስቡት ግራ ያጋባል። የበሬውም ሆነ የጥገኛው ዲኤንኤ የተጻፈው በእነዚያው አራት ፊደላት ነው፤ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ይጣመራል፤ ጥምዝምዙም ያው ነው። ታዲያ በአንድ መርፌ የገባ ሞለኪውል ጥገኛውን ገድሎ በሬውን እንዴት ይምረዋል? ዲኤንኤ በሁሉም ፍጡር አንድ ስለሆነ ለመድኃኒት ዒላማነት አይመችም የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። ክርክሩ ፊደሉን ብቻ አይቶ ቅርጹንና ቦታውን የዘነጋ ይመስለኛል። አንድ ሞለኪውል ዲኤንኤን ምን ያህል አጥብቆ ይይዛል ብሎ መለካት የጥያቄው ሩብ እንኳ አይሆንም። የት ላይ ይይዛል፣ ሲይዝ ምን ይለወጣል፣ እዚያስ በየት በኩል ይደርሳል የሚሉት ናቸው ልዩነቱን የሚያመጡት።

ከሆሚዲየም እንጀምር። በ1952 እ.ኤ.አ. ለከብት ሕክምና ይፋ የሆነው ይህ መድኃኒት በላቦራቶሪ የሚታወቀው በሌላ ስሙ ነው፦ ኢቲዲየም ብሮማይድ። የዘረመል ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዲኤንኤ ያዘለውን ስስ ጄል በዚህ ቀይ ፈሳሽ ነክሮ አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት፣ ቀድሞ ምንም ያልታየበት ጄል ላይ ብርቱካናማ መስመሮች ቦግ ይላሉ። ሞለኪውሉ በውሃ ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ የተቀበለውን ጉልበት ውሃው ይነጥቀዋል። ዲኤንኤ ውስጥ ሲሸጎጥ ግን ከውሃው ይከለላል፣ ድምቀቱም 20 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የት ነው የሚሸጎጠው? ሊዮናርድ ለርማን በ1961 እ.ኤ.አ. ለኢቲዲየም የቅርብ ዘመድ ለሆኑት የአክሪዲን ቀለሞች መልሱን ሰጠ። ቀለሙን ከዲኤንኤ ጋር ሲቀላቅል ፈሳሹ ይበልጥ ዝልግልግ ሆነ፤ ዲኤንኤው በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከርም ወደ ታች የሚዘቅጥበት ፍጥነት ቀነሰ። ሁለቱም የሚጠቁሙት ዲኤንኤው ረዝሞ መገተሩን ነው። ዝርግ የሆነው ቀለም በተደራረቡት የፊደል ጥንዶች መካከል ይገባል፤ በመሶብ በተነባበረ እንጀራ መሃል ሌላ ስስ እንጀራ እንደማስገባት። በጥንዶቹ መካከል የነበረው 0.34 ናኖሜትር ርቀት እጥፍ ይሆናል፤ ጥምዝምዙም በእያንዳንዱ ኢቲዲየም 26 ዲግሪ ገደማ ይላላል። ይህን መላላት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዲሚናዚን መንገዱ ሌላ ነው። በጥንዶቹ መሃል ሳይገባ፣ በዲኤንኤው ገላ ላይ እየተጠማዘዙ ከሚወርዱት ሁለት ቦዮች በጠባቡ ውስጥ ይጋደማል። ይህ ጠባብ ቦይ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። አዴኒንና ታይሚን በተከታታይ በተሰለፉበት ይጠብባል፣ የሞለኪውሉንም ጎንና ጎን አቅፎ ይይዛል። ጓኒን ባለበት ግን አንድ የአሚኖ ቅጥያ ከወለሉ ብቅ ብሎ መተኛውን ያጎረብጣል። ስለዚህ ዲሚናዚን ፊደሉን ባያነብም የፊደሉን ቅርጽ ይዳስሳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የኤክስሬይ ክሪስታል ጥናት መድኃኒቱን አሥራ ሁለት ጥንድ ባላት አጭር ዲኤንኤ ላይ ተኝቶ አሳይቷል፤ ያረፈው መሃል ባለው የአዴኒንና የታይሚን ክፍል ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ አንድ ዝርዝር ነው፦ የሞለኪውሉ አንደኛው ጫፍ ዲኤንኤውን በቀጥታ አይነካም፤ በመካከላቸው አንዲት የውሃ ሞለኪውል እንደ ድልድይ ገብታ ታያይዛቸዋለች። የመያዝ ጥንካሬን ብቻ የሚለካ ሰው ይህችን ውሃ ከቶ አያያትም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ የበሬውም ዲኤንኤ እኮ አዴኒንና ታይሚን የበዛባቸው ስፍራዎች ሞልተውታል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ቅርጽ ብቻውን የማይበቃው። ትሪፓኖሶም ከኑክሊየሱ ሌላ፣ በብቸኛ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ኪኔቶፕላስት የሚባል የዲኤንኤ ክምችት አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀለበቶችና ጥቂት ደርዘን ትልልቆች እንደ ብረት ጥሩር እርስ በርስ ተቆላልፈው የተሠራ መረብ ነው፤ በአዴኒንና በታይሚንም የበለጸገ ነው። በሬው እንዲህ ያለ ነገር የለውም። አሁን ወደዚያ መላላት እንመለስ። ጫፉ ክፍት የሆነ ዲኤንኤ ኢቲዲየም ሲገባበት ዞር ብሎ ራሱን ያመቻቻል። የተዘጋ ቀለበት ግን የሚዞርበት ጫፍ ስለሌለው፣ አንድ ቦታ የላላውን በሌላ ቦታ በመጠማዘዝ ይከፍላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢቲዲየም የእነዚህን ትንንሽ ቀለበቶች መባዛት ገና ከጅምሩ እንደሚያግድ አሳይቷል። የኑክሊየሱም ዲኤንኤ ከጉዳት እንዳልዳነ ያው ጥናት ጠቁሟል። ስለዚህ ጥገኛውን የሚገድለው ኪኔቶፕላስቱ ብቻ ነው አልልም። ሆኖም ያው ሞለኪውል በተመሳሳይ አያያዝ ይዞ እንኳ እንደ ዲኤንኤው አቀማመጥ የተለያየ ጥፋት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ በብልቃጥ የታየው በሕያው አካል ውስጥ አይደገምም ይባላል። ይህን ለመቀበል አላንገራግርም፤ ማስረጃውም አለ። ፉራሚዲን የዲሚናዚን ዓይነት ቅርጽ ያለው፣ ጠባቡን ቦይ የሚይዝ ሞለኪውል ነው። በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ በማይክሮስኮፕ ሲከታተሉት ከትሪፓኖሶሙ ውስጥ ገብቶ ኪኔቶፕላስቱ ላይ ሲያበራ ይታያል፤ በሴሉ ውስጥም ከውጭው በሺዎች እጥፍ ይከማቻል። ከእሱ የተቀመመው ፓፉራሚዲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ትሪፓኖሶም በሰው ላይ ለሚያመጣው የእንቅልፍ በሽታ እስከ መጨረሻው የሙከራ ደረጃ ደርሶ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ግን ኩላሊት የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ ሥራው ተቋረጠ። ዒላማውን መምታቱ በሌላ አካል ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አላዳነውም። ይህ ግን ተጨማሪ መለኪያ እንደሚያስፈልግ ያሳያል እንጂ የአያያዝ ጥናት ዋጋ የለውም አያሰኝም።

የመድኃኒት መላመድም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ትሪፓኖሶም ብሩሴ በሚባለው ዝርያ ዲሚናዚንን ወደ ሴሉ የሚያስገባው፣ ጥገኛው አዴኒንና አዴኖሲን ለመሰብሰብ የሚጠቀምበት በር ነው። ይህ በር ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ መድኃኒቱ በበቂ መጠን አይገባም፤ ጥገኛውም ይተርፋል። ዲኤንኤው አልተለወጠም። ቦዩ ያው ጠባብ ቦይ ነው፤ በመላ አካሉ የተሠራጨውን ይህን ቅርጽ ቀይሮ መኖር ለጥገኛው እጅግ ይከብደዋል፤ አንድ በር መዝጋት ግን ይቀልለዋል። በጊቤ ሸለቆ ከብቶችን በብዛት የሚያጠቃው ትሪፓኖሶም ኮንጎሌንሴ የሚባለው ሌላ ዝርያ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከዚያ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች ዲሚናዚንንም፣ ሆሚዲየምንም፣ ሌላውን የገንዲ መድኃኒት ኢሶሜታሚዲየምንም በአንድ ላይ የተቋቋሙ ተገኝተዋል። የዚህ ዝርያ መግቢያ በር ከብሩሴው ጋር አንድ ስላልሆነ የአንዱን መልስ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ከእነዚህ ናሙናዎች መጠየቅ ያለበት መድኃኒቱ የተነጠለ ዲኤንኤን አሁንም ይይዛል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ስንቱ ወደ ሴሉ ገባ፣ ከገባውስ ስንቱ ኪኔቶፕላስቱ ድረስ ዘለቀ የሚለው ጭምር ነው። ገበሬው በሬውን አስወግቶ ሳይድንለት ሲቀር፣ መድኃኒቱ የቆመው በየትኛው ደጃፍ ላይ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው እንዲህ ሲለካ ነው።