የተለገሰ ደም ስንት ቀን ይቆያል?

ወተትና ቅቤ ከአንድ ላም ቢገኙም አያያዛቸው ለየቅል ነው። የተለገሰ ደምም በደም ባንክ ሲለያይ እንዲሁ ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ማቀዝቀዣ ይገባሉ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ግን ቅዝቃዜ አይስማማቸውም።

ቀይ ሴሎች ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቀው፣ እንደ ማቆያ ፈሳሹ ዓይነት እስከ 35 ወይም 42 ቀናት ያገለግላሉ። በከረጢት ውስጥም ቢሆን ያረጃሉ፤ ተለጣጭነታቸው ይቀንሳል፣ ፖታሲየም ከውስጣቸው ይወጣል፣ ኦክስጅንን ለመልቀቅ የሚረዳቸው ንጥረ ነገርም ይመናመናል። ይህ ንጥረ ነገር ደሙ ለታካሚ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተካል። እጅግ የተጎዱትን ሴሎች ግን ሰውነት በ24 ሰዓት ውስጥ ያስወግዳቸዋል። “የቆየ ደም ተሰጠኝ” ብሎ መስጋት ያለ ነው፤ ሆኖም በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. የወጡ ሰፋፊ ጥናቶች፣ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ፣ በትኩስና በቆየ ደም መካከል የሞት ልዩነት አላገኙም።

የፕሌትሌት ነገር ይከብዳል። ከቀዘቀዘ ቅርጹ ይለወጣል፤ ለታካሚ ሲሰጥም ጉበት ፈጥኖ ያስወግደዋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ያለማቋረጥ በቀስታ እየተወዘወዘ ይቀመጣል። ይህ ሙቀት ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ በመሆኑም ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ብቻ ነው። ለአንድ አዋቂ ታካሚ ከ4 እስከ 6 ለጋሾች ፕሌትሌት ሊያስፈልግ ይችላል።

በዘመቻ በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ደም ቀይ ሴሉ ለወር ሲተርፍ፣ ፕሌትሌቱ ሳምንት አይሻገርም። በኢትዮጵያ ጤናማ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ስለሚችል፣ የአንድ ቀበሌ ለጋሾች በተለያዩ ሳምንታት ተከፋፍለው ቢመጡ የደም ባንኩ ፕሌትሌት አይነጥፍበትም።