የካሉብን ብርድ ማን ይወስደዋል?

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወጣ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከዓረብ አገር ከተመለሰ ገና ብዙ አልቆየም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሲጠቀልል ጨዋታው ወደ ብርድ ሄደ። ኩታበር ላይ ስለ ብርድ ማውራት ብርቅ አይደለም፤ ባቄላን በአንድ ሌሊት የሚያከስለውን ውርጭ የማያውቅ ገበሬ የለም። እሱ ግን ያወራኝ በበረሃ ስላየው ውርጭ ነው። ፈሳሽ ጋዝ በሚራገፍበት ግቢ በጽዳት ሠራተኛነት አገልግሏል።

«ወላሂ፣ ሰው በሙቀት ራሱን እየሳተ ቧንቧው ነጭ በረዶ ለብሶ ይቆማል። በመጥረጊያ እናራግፈዋለን፣ ዞር ስንል መልሶ ይለብሳል። የምንጠጣውን ውሃ የምናቀዘቅዘው እሱ ሥር እያስቀመጥን ነበር።»

ትንሽ ዝም አለና «የኛም የካሉብ ጋዝ እንዲህ ሊሆን ነው አሉ። ያን ሁሉ ብርድ ማን ይወስደዋል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

የተፈጥሮ ጋዝ ያለ ልዩ ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ የሚይዘው ቦታ ወደ 600 እጥፍ ያንሳል፤ በቦቴ ሊጫን የሚችለውም ለዚህ ነው። እዚያ ለማድረስ መጭመቂያዎች ሌት ተቀን ኃይል ይበላሉ። ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ጋዝ መሆን ስላለበት ከአየር ወይም ከባሕር ውሃ ሙቀት ይስባል። ልጁ በመጥረጊያ ያራገፈው በረዶ ቧንቧው ላይ የረጋ የአየር እርጥበት ነበር። በአንድ ቶን ፈሳሽ ጋዝ ውስጥ 230 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ቅዝቃዜ አለ። ዋጋ የተከፈለበት ቅዝቃዜ ነው፤ በአብዛኛው ዓለም ግን አየርና ባሕር ላይ ይፈስሳል።

በሶማሌ ክልል የሚገኘውን የካሉብ ጋዝ ረጅም ጉዞ አንባቢ ያውቀዋል። የአሜሪካው ቴኔኮ ጋዙን ካገኘበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶቪየቶች ቆፍረዋል፣ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄዷል። የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ አቅዶ ሳይዘረጋ ውሉ በ2022 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚያመርተው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። ለሁለተኛው ምዕራፍ የተያዘው ዕቅድ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው።

ለልጁ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ብዙ ያነበብኩት ስለ ጃፓን ነው። ጃፓን የመጀመሪያውን ፈሳሽ ጋዝ ከአላስካ አስመጥታ ነጊሺ ላይ ያራገፈችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ነዳጅ የሌላት አገር ስለሆነች ብርዱን መጣል አላስቻላትም። በዚያው በነጊሺ ቱና ዓሣ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ በወረደ ቅዝቃዜ የሚቀመጥበት መጋዘን ተሠራ። በ1979 ደግሞ ኦሳካ ጋዝ ሰንቦኩ በተባለ ቦታ 1,450 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ተከለ። ፕሮፔን በባሕር ውሃ ሙቀት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከዚያ በፈሳሹ ጋዝ ብርድ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና በፓምፕ ዙሩን ይቀጥላል። የሚቃጠል ነገር የለም። ተራ የባሕር ውሃ የእሳትን ቦታ መያዙ እስካሁን ይደንቀኛል።

ችግሩ ብርዱ የሚገኘው ጋዙ በሚፈስበት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ጋዝ የሚጠቀመው ቀን ቢሆን፣ እኛ መብራት የሚያስፈልገን ምጣዱ በሚጣድበት በምሽት ነው። እዚህ ላይ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ በ1895 በፋብሪካ ደረጃ ያስጀመረው ጥበብ ይመጣል፤ አየርን ፈሳሽ ማድረግ። በፈሳሹ ጋዝ ብርድ እየታገዘ የተጨመቀ አየር ፈሳሽ ሆኖ በታንከር ይጠራቀማል። ሲፈለግ በፓምፕ ተገፍቶ ይሞቃል፣ ወደ 700 እጥፍ እየሰፋ ተርባይን ያዞራል። ሃይቪው ፓወር የተባለው ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር አቅራቢያ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ 15 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ የፈሳሽ አየር ማከማቻ አቁሟል፤ ያውም ያለ ጋዝ ብርድ እርዳታ።

ይህን ሁሉ ወደ ካሉብ አምጥቼ አሰላሁት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት 50 ሺህ ቶን ገደማ ይመዝናል። ከቶን 25 ኪሎዋት ሰዓት ቢገኝ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቀው ኃይል 150 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ቢታሰብ ከ2 ሜጋ ዋት በታች ነው፤ የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ለኛ ትልቁ ጥቅም ብርዱን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየሩ ሳይሆን በብርድነቱ መጠቀሙ ነው። ኦክስጅን ከአየር ተለይቶ የሚመረተው በከባድ ቅዝቃዜ ነው፤ የፈሳሽ ጋዝ ብርድ ሲታከልበት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ኮሮና በበረታ ጊዜ ኦክስጅን ሲጠፋ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ሊነግሩት አያሻም።

ልጁም መንገዱን አስቀድሞ አይቶታል። «ቦቴው ነገ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቢመጣ፣ በረዶው እዚያም ሊራገፍ ነው? አባቴ ድንቹን የሚሸጠው እንዳይበላሽበት ፈርቶ ነው። ነጋዴው ይህን ያውቃል፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ብርድ ያለው መጋዘን ቢኖር ማን በነፃ ይሰጠዋል?»

ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ የዘርፉ ኃላፊ አቀረብኩ፤ ፈሳሽ ጋዝ በሚራገፍባቸው ቦታዎች ብርዱን ለመጠቀም የታሰበ ነገር አለ ወይ? «በደብዳቤ አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ መጨረሻ ላይ ስልኩም መነሳቱን ተወ።

ሥራው ቀላል ነው አልልም። ኦክስጅንና ጋዝ ከተገናኙ አደጋ ነው፤ በመካከላቸው ብርዱን የሚያመላልስ ናይትሮጅን መኖር አለበት። በየፋብሪካው የተበታተነ ጥቂት ብርድም ወጪውን አይመልስም። መፍትሔው ማራገፊያዎቹን በጥቂት ከተሞች ሰብስቦ፣ የኦክስጅን ማምረቻና የቅዝቃዜ መጋዘን ከጎናቸው ማቆም ነው። ይህ የሚቻለው ቧንቧው ሳይቀበር፣ መሬቱ ሳይሸነሸን ነው። የሁለተኛውን ምዕራፍ ውልና ዲዛይን የያዛችሁ ባለሙያዎች፣ ለፋብሪካዎች የማራገፊያ ፈቃድ የምትሰጡ ኃላፊዎች፣ የብርዱን ጉዳይ አሁኑኑ በሰነዱ ላይ አስፍሩት።