ስንተኛው አሃዝ ላይ እንቁም?

ከጄኔቫ የሰርቬት ሰፈር ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ትራም መዳረሻው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኒውክሊየር ምርምር ማዕከል ደጃፍ ነው። እዚያ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ዙሪያው 26,659 ሜትር የሆነ ቀለበት ተዘርግቷል። ቀጥ ያሉ ክፍሎች ስላሉት ፍጹም ክብ አይደለም፤ ለአሁኑ ግን ክብ ነው ብንል፣ መሐሉን አቋርጦ የሚለካው ስፋት 8,486 ሜትር ያህል ይሆናል። ፓይ ማለት የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ስለሆነ፣ ስፋቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ዙሪያውን ለማግኘት በፓይ ያባዛዋል። ትምህርት ቤት እንደተማርነው በ3.14 ካባዛ ከእውነተኛው ዙሪያ 13.5 ሜትር ያህል ይጎድልበታል፤ በ22/7 ካባዛ ደግሞ 10.7 ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ያንኑ 3.14 ይዘን ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ወደሆነ የእንጀራ ምጣድ ብንመለስ ግን ስሕተቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ምጣዱን የሚሠራ ሰው ጣቱ ላይ የሚቀረው ጭቃ ከዚያ ይበልጣል። ቁጥሩ ያው ነው፤ አንዱ ጋ ይበቃል፣ ሌላው ጋ አይበቃም። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ የፓይን አሃዞች ዐወቅን ማለት የምንችለው፣ ካቆምንበት ቦታ በኋላ የቀረው ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ መናገር ስንችል ነው።

ማቆም ደግሞ ለማንም አይቀርም። ዮሐን ላምበርት በ18ኛው መቶ ዘመን ፓይ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ እንደማይችል ካረጋገጠ ወዲህ፣ አሃዞቹ እንደማያልቁና ተመልሰውም እየተደጋገሙ እንደማይሄዱ የታወቀ ነው። አርኪሜድስ ይህን ማረጋገጫ ሳያገኝ ነገሩን በሚገባ ይዞት ነበር። 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች ከክቡ ውስጥና ውጭ አስልቶ፣ ፓይ ከ223/71 ይበልጣል፣ ከ22/7 ያንሳል አለ። አንድ ቁጥር ሰጥቶ አልሄደም፤ ከታችም ከላይም አጥሮ አስረከበን። እኛ በክፍል ውስጥ ከዚያ አጥር ላይ አንዱን ወገን ብቻ ወስደን 22/7ን «ፓይ» ብለን መጥራታችን ያሳዝነኛል፤ የሥራው ግማሽ እዚያው ቀርቷልና።

ይህንኑ በቅርብ የሚያሳየን ሩዶልፍ ቮልፍ የተባለ የስዊስ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። በኋላ ዙሪክ ውስጥ የፌዴራሉን የከዋክብት መመልከቻ ያቋቋመው ይህ ሰው፣ በ1850 እ.ኤ.አ. ገደማ ገና በርን ሳለ 36 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት መርፌ ይወረውር ነበር። ትይዩ መስመሮች በ45 ሚሊ ሜትር ርቀት ተሰምረዋል፤ መርፌዋ ወድቃ መስመር ብትነካ ይቆጥራል፣ ባትነካ ያልፋል። መርፌዋ ወደየትኛውም አቅጣጫ ዞራ ልትወድቅ ትችላለች፤ አቅጣጫዎቹ ሁሉ ተደምረው ክብ ስለሚሠሩ ፓይ በዕድሉ ውስጥ ሳይጠራ ይገባል። ቮልፍ 5,000 ጊዜ ወረወረ፤ 2,532 ጊዜ መስመር ነካች። የመርፌዋን ርዝመት እጥፍ በውርወራው ቁጥር አባዝተን፣ የመስመሮቹ ርቀት ከተነኩበት ቁጥር ጋር ተባዝቶ ለሚገኘው ብናካፍል 3.1596 እናገኛለን። ሁለተኛው የአስርዮሽ አሃዝ ላይ ስቷል። ይሁንና የዕድል ሕግ ለ5,000 ውርወራ ከመቶ 1.4 ያህል ስሕተት ይጠብቃል፤ የቮልፍ ስሕተት ከመቶ 0.6 እንኳ አይሞላም። አንድ ተጨማሪ አሃዝ ለማመን ውርወራው መቶ እጥፍ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን መሆን ነበረበት።

በ1901 እ.ኤ.አ. ላዛሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ በተመሳሳይ ሙከራ ፓይን እስከ ስድስተኛው የአስርዮሽ አሃዝ አገኘሁ ብሎ አሳተመ። 3,408 ውርወራ፣ 1,808 ንክኪ፤ የመርፌው ርዝመት ከመስመሮቹ ርቀት አምስት ስድስተኛ ነው። ሲሰላ በትክክል 355/113 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ቻይናዊው ዙ ቾንግዢ በ5ኛው መቶ ዘመን የሚያውቀው ክፍልፋይ ነው። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ ተጨማሪ መስመር ነክቶ 1,809 ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 3.1399 ይሆን ነበር። በአንዲት ንክኪ የሚፈርስ ስድስት አሃዝ በውርወራ ተገኘ ሊባል አይችልም፤ የሒሳብ ሰዎች የተጠራጠሩትም በአግባቡ ነው። የቮልፍ 3.1596 ከፓይ ይርቃል፣ ግን የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይናገራል። ለእኔ ከላዛሪኒ አሃዞች ሁሉ እርሱ ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግት ይችላል፦ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ እዚያው ስዊዘርላንድ፣ ኩር ከተማ ያለው የግራውቡንደን የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. 62.8 ትሪሊዮን አሃዝ ለማስላት 108 ቀንና 9 ሰዓት ለምን ፈጀ? የጠፈር ምርምር መሐንዲሶች እንኳ በ15 የአስርዮሽ አሃዝ መንኮራኩር ይመራሉ። መልሱ፣ እዚያ የሚለካው ክቡ ሳይሆን መሣሪያው ነው። ከወራት ስሌት አንዲት ቢት ብትሳሳት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ረጅም ስሌት የኮምፒዩተሩንና የማከማቻውን ጽናት ይፈትናል። በዚህ ዓይነት ስሌት የመጨረሻዎቹን አሃዞች ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ሌላ ቀመር ስላለ፣ ሁለቱ መንገዶች ሲገጥሙ ውጤቱ ይታመናል። ከአሃዙ ብዛት ይልቅ ማጣሪያው ክብር ይገባዋል።

የሚከብደው ሙግት ግን ስለ ሽምደዳ ነው። ዳንኤል ታሜት በ2004 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ 22,514 አሃዝ በቃሉ ተናገረ፤ ሕንዳዊው ራጅቪር ሚና በ2015 እ.ኤ.አ. 70,000 አደረሰው። ይህ ከንቱ ድካም ነው ማለት በቃል መያዝን በሚያከብር አገር ሰው አፍ አያምርም። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይይዛል፤ ድጓን የሚያህል መጽሐፍ ከነዜማው ልቡ ላይ ይቀረጻል። ነገር ግን እዚያ ከንባብ በኋላ ትርጓሜ አለ፤ በልጅነት የተያዘው ቃል መጻሕፍት ቤት ሲደርስ በአንድምታ ይፈታል። የፓይ 20,000ኛ አሃዝ አንድምታ የለውም። ለዚህ ነው በቃል የሚይዙት ሰዎች ራሳቸው ትርጉም የሚፈጥሩለት፤ ታሜት ቁጥሮቹን እንደ መልክና እንደ ቀለም እንደሚያያቸው ተናግሯል፣ ሌሎች አሃዙን ወደ ቃልና ታሪክ ይለውጡታል። ድንቅነቱ የሰው አእምሮ ድንቅነት ነው፤ ስለ ክብ ግን ምንም አይነግረንም። ቪም ክላይን የተባለው ሆላንዳዊ ከ1958 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ሰርን ውስጥ ለፊዚክስ ሊቃውንት በአእምሮው ያሰላ ነበር። እርሱም ሎጋሪዝም በቃሉ ይዞ ነበር፤ የያዘው ግን እንደ አናጢ መጋዝ ለሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የት እንደሚገባ ያውቃል።

ስለዚህ ተማሪ ስለ ፓይ በቃሉ የሚይዘው ነገር ከፈለገ 113355 ብሎ ይጻፍ፤ አንድ ሁለቴ፣ ሦስት ሁለቴ፣ አምስት ሁለቴ። ከመካከል ይክፈለውና ሁለተኛውን ግማሽ ለመጀመሪያው ያካፍል፦ 355 ለ113፣ 3.1415929 ይሆናል። ስሕተቱ የሚጀምረው ሰባተኛው የአስርዮሽ አሃዝ ላይ ነው፤ የፓይ 6 በሚሆንበት ቦታ ይህ 9 ይላል። በሰርን ቀለበት ዙሪያ ላይ ይህ ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።