በኑክሌር አደጋ ጊዜ ቤተሰብንና ከብትን መጠበቅ

ውድ የላንቴ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ የገንዲ በሽታን ለመከላከል ቃሊቲ ተራብተው በጨረራ የመከኑ ወንድ የቆላ ዝንቦች በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተለቀዋል። «ጨረራው ከብቶቻችንን አይነካም ወይ?» ለምትሉ፣ አይነካም። ራጅ የተነሣ ሰው ጨረራ ይዞ ቤቱ እንደማይገባ ሁሉ ዝንቡም ይዞ አይመጣም።

የሚያሰጋው የኑክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ በነፋስ የሚመጣው ብናኝ ነው። አገራችን ማመንጫ የላትም፤ ነገር ግን በ1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል ብናኝ እስከ ብሪታንያ ደርሶ በዝናብ ወርዷል፤ አንዳንድ በግ አርቢዎች የሽያጭ ገደቡ የተነሣላቸው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። በቼርኖቤል ዙሪያ ደግሞ የከፋው በወተት መጣ። ላሞች ብናኝ ያረፈበትን ሣር ጋጡ፤ ወተቱን ከጠጡት ሕፃናት ብዙዎች እንቅርት በሚወጣበት እጢ ካንሰር ታመሙ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከተነገረ ቤት ገብታችሁ በርና መስኮት ዝጉ። ከውጭ የመጣ ሰው ልብሱን በር ላይ አውልቆ ገላውን ይታጠብ። ብናኙ ካልደረሰ ከብቶቹን በረት አስገቡ፣ ድርቆሹን በሸራ ሸፍኑ፣ ውኃም ከሐሬ ቦይ ሳይሆን ከተከደነ በርሜል አጠጡ። ከደረሰ ግን ለከብት ብላችሁ አትውጡ። አስቀድሞ ተቆርጦ ቤት የገባ ሙዝ ይበላል፤ ማሳ ላይ ያለው እስኪመረመር ይቆይ።

ግጦሽ ላይ የነበረች ላም ወተት ለልጆች አይሰጥ። በወተት የሚገባው አዮዲን በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲዚየም የሚባለው ግን ለዓመታት ስለሚቆይ «ተፈቅዷል» እስኪባል ጠብቁ። አዮዲን ያለው ጨው አብዝቶ መብላት አይከላከልም፤ ይልቁንም ይጎዳል።