በመንፉሐ ስለ ልጆች ትምህርት የሚነገረውና እውነታው

በደቡብ ሪያድ፣ መንፉሐ ውስጥ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ያሰበ የሐበሻ ወላጅ መካሪ አያጣም። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ብዙው ግን ልጁን ይጎዳል።

ከሁሉ የከፋው «ቤት ውስጥ አማርኛ አታናግሩት፣ ዓረብኛውና እንግሊዝኛው ይምታታበታል» የሚለው ነው። አይምታታበትም። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ በቃላ (የሰፈር ሱቅ) ስትገባ አስተውሉ። ባለሱቁን በዓረብኛ «ቢካም?» (ስንት ነው?) ብላ ትጠይቃለች፤ ዞር ብላ ዋጋውን ለእናቷ በአማርኛ ትነግራለች። ማንን በየትኛው ቋንቋ እንደምታናግር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትቀላቅልም አያስደነግጥም፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ብዙ ሕፃናት ያደርጉታል። በሁሉም ቋንቋ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ካለ ግን ጥፋቱን በአማርኛ ላይ ከማላከክ ጆሮውን ማስመርመር ይቀድማል።

ንባብም እንዲሁ ነው። ፊደል የድምፅ ምልክት መሆኑን በአፍ መፍቻው የተረዳ ልጅ ይህንኑ ግንዛቤ ይዞ ወደ ሌላው ቋንቋ ይሻገራል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ይሆናሉ፤ ብዛታቸው ቢያስፈራም ማጥበቅና ማላላቱ ካልሆነ በቀር አነባበባቸው እምብዛም አያወላውልም።

«ኬጂ ጨዋታ ነው፣ ለጨዋታ አንከፍልም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚሺጋን የተጀመረው የፔሪ ጥናት ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ሕፃናትን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትሏል። ቅድመ መደበኛ የገቡት በትምህርትም በገቢም በልጠው ተገኙ። ክፍላቸው ውስጥ ደግሞ ልጁ ምን እንደሚጫወት ራሱ ያቅድ ነበር፤ ተጫውቶ ሲጨርስም ያደረገውን ይናገር ነበር። ስለዚህ በሦስት ዓመቱ ደብተር የሞላ ልጅ ብልህ ነው ማለት አይደለም። የሚከፈለው ሪያል መብዛትም ጥራትን አያረጋግጥም። የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡ በየትኛው ሥርዓተ ትምህርት እንደሚያስተምር፣ አንድ መምህርት ስንት ሕፃን እንደምትይዝ፣ የሚሰጠው ማስረጃ አገር ቤት ተቀባይነት እንዳለው ጠይቁ።

«አማርኛውን አገር ስንገባ ይደርስበታል» የሚለው ደግሞ የመመለሻውን ቀን ቀድመን የምናውቅ ያስመስላል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር፣ ፈቃድ በሌላቸው የውጭ ሠራተኞች ላይ በተካሄደው አሰሳ መንፉሐ ከታወከች በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በውጭ አገር ሠራተኞች ላይ በየቤተሰብ አባሉ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በ2020 400 ደረሰ። ይህን መሸከም ያቃተው አባት ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ ይልካል። አማርኛ ማንበብ የማይችል የ10 ዓመት ልጅ በየትኛው ክፍል ይቀመጥ?

ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ልጅ ምዝገባ ሊከለከል ይችላል፤ ፊደል መቁጠር ግን ኢቃማ አይጠይቅም። እናትና አባት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና ከልጃችሁ ጋር ሀሁን አንድ ጊዜ ቁጠሩ።