ድሬድን እንደገና መጀመር፦ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ይከሽፋል? ሁለተኛውስ በምን ይለያል?

በኬንያ መዲና ናይሮቢ የሚገኘው ኬንያታ ገበያ በፀጉር ሠሪዎቹ የታወቀ ነው። ሹሩባ ለመሠራት ከሚቀመጡት ጎን ድሬድ ለማስጀመር የሚመጡም አይጠፉም። ከእነዚህ መካከል ለሁለተኛ ጊዜ የሚጀምሩ አሉ፤ አንድ ጊዜ ሞክረው ፀጉራቸው የተፈታባቸው፣ የሳሳባቸው ወይም ሽታ ያመጣባቸው ናቸው።

ድሬድ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ፣ በዳሬሰላምም ሆነ በአዲስ አበባ የብዙ ወጣቶች ምርጫ ከሆነ ሰንብቷል። ለማስጀመር ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። እስኪጸና ድረስ ግን ከአንድ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃል። ብዙ ሙከራዎች የሚከሽፉትም በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ነው።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲሳካ፣ የመጀመሪያው በምን ምክንያት እንደከሸፈ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ያንኑ አሠራር መድገም ጊዜና ገንዘብ ከማባከን አልፎ፣ አንዳንዴ ተመልሶ ለማይበቅል የፀጉር መርገፍ ይዳርጋል።

ፀጉር በራሱ እንዴት ይገመዳል?

ከጤነኛ ሰው ራስ ላይ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርሱ የፀጉር ዘለላዎች ይረግፋሉ። ፀጉር ሲበጠር እነዚህ ዘለላዎች ከማበጠሪያው ጋር ይወጣሉ። ካልተበጠረ ግን የረገፈው ካልረገፈው ጋር እየተጠላለፈ እዚያው ይቀራል። ድሬድን ድሬድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ መልክ ታስይዘዋለች እንጂ የሚገምደው ጊዜ ነው።

ጥምዝምዝ ፀጉር ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ዘለላ ስለሚጠቀለል አጠገቡ ያለውን ይይዛል። ለስላሳና ሰፋ ያለ ጥምዝ ያለው ፀጉርም ይገመዳል፤ ዳሩ ግን ይበልጥ ይዘገያል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቅልሎቹ ውኃ ሲነካቸው በቀላሉ ይፈታሉ። ቀጥሎ በውስጣቸው ትንንሽ ቋጠሮዎች ይፈጠራሉ። በዚህን ጊዜ ጥቅልሉ ይወፍራል፣ ያጥራል፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ ክብደትም አግኝቶ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ሁሉ እንደ ፀጉሩ ዓይነት ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በመገመድ ላይ ያለ ፀጉር ግን ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ ባለቤቱ ለወራት ምንም ያላደገ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሽፏል ተብሎ ከተቆረጠው ድሬድ ውስጥ አንዳንዱ ያልከሸፈ፣ በመካከለኛው ደረጃ ላይ የነበረ ነው።

በእርግጥ ሲከሽፍስ?

አንዱ የተለመደ ምክንያት ሰም ነው። የንብ ሰም ጥቅልሉን በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ ስለሚይዝ ለጀማሪ ያጓጓል። ነገር ግን በውኃ አይሟሟም፣ በሻምፖም በቀላሉ አይለቅም። በጥቅልሉ ውስጥ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል፤ ከወራት በኋላም ግራጫ ቆሻሻ ሆኖ ይታያል። በአካባቢያችን ለፀጉር የሚቀባው ቅቤም በጥቅልል ውስጥ ሲከማች ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ ይበላሻል፣ ይሸታልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሥሩን ቶሎ ቶሎ መጠምዘዝ ነው። ፀጉሩ በተንጨፈረረ ቁጥር በየሳምንቱ የሚያስጠቀልል ሰው ንጹሕ መልክ ያገኝ ይሆናል፤ የጥቅልሉ ሥር ግን በየጊዜው እየሳሳ ይሄዳል። ጥቅልሉ እየረዘመና እየከበደ ሲመጣ የሳሳው ሥር መሸከም ያቅተውና ይበጠሳል።

ሦስተኛው ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። "ድሬድ አይታጠብም" የሚለው አባባል ዛሬም ይሰማል። ያልታጠበ የራስ ቆዳ ላብና ፎረፎር ያጠራቅማል፤ ያሳክካል፣ ይሸታል። በሌላ በኩል ታጥቦ ሳይደርቅ የታሰረ ፀጉር ውስጡ ይሻግታል። እንደ ሞምባሳ፣ ዳሬሰላምና ጅቡቲ ባሉ ወበቅ በሚበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አራተኛው የአከፋፈል ስህተት ነው። እጅግ የቀጠነ ጥቅልል ክብደቱን አይችልም፤ እጅግ የወፈረው ደግሞ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም። ጎን ለጎን ያሉት በየጊዜው ካልተለያዩ ከሥራቸው ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

በመጨረሻም፣ በኬሚካል የተለሰለሰ ፀጉር አለ። ጥምዙን ስላጣ እርስ በርሱ አይያያዝም። አዲሱ ጥምዝምዝ ፀጉር ከአሮጌው ለስላሳ ጋር የሚገናኝበት ቦታም በቀላሉ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት የከሸፈበት ሰው የተለሰለሰው ክፍል ተቆርጦ እስኪያልቅ መጠበቅ ይኖርበታል።

መፍታት ወይስ መቁረጥ?

የቀደመውን ድሬድ ፈትቶ ርዝመቱን ማትረፍ ይቻላል። ፀጉሩ በውኃና በኮንዲሽነር እየራሰ፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር በቀስታ ይፈታል። ሥራው ሰዓታትን፣ ፀጉሩ በደንብ ከጠጠረ ደግሞ ቀናትን ይወስዳል። ሰም የገባበት ፀጉር ከሆነ ብዙ ጊዜ ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል።

የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የሚወጣው ፀጉር ብዛት ያስደነግጣል። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ የሚለው ስሌት በዓመት ከ18,000 በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 36,000 ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ሊወጣ ይገባው የነበረው ይህ ፀጉር በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ይመጣል። ይህ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

መቁረጥ ቀላሉና ንጹሑ መንገድ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር በሚለው ስሌት፣ የተላጨ ራስ አምስት ሴንቲ ሜትር ፀጉር ለማብቀል አምስት ወር ገደማ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በፊት የራስ ቆዳ

የመጀመሪያው ድሬድ ፀጉሩን አሳስቶ ከሆነ፣ በዋናነት መታየት ያለበት የግንባርና የጆሮ ግንድ አካባቢ ነው። ያለማቋረጥ የሚሳብ ፀጉር ከሥሩ ይጎዳል። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መርገፍ ይሉታል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተካሄደ አንድ ጥናት፣ ከተመረመሩት ሴቶች ሲሶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይህን ጉዳት አግኝቷል። ጉዳቱ በድሬድ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባና ተጨማሪ ፀጉርም ያስከትሉታል።

በጊዜ ከተደረሰበት መጎተቱ ሲቆም ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ መውጫ ይጠፋል፤ በቦታውም ጠባሳ ይተካል። ከዚያ በኋላ ቅባትም ሆነ ዕረፍት አይመልሰውም። ፀጉር ሲሠራ ማመሙ፣ በሥሩ ዙሪያ ትንንሽ ብጉር መውጣቱና የግንባር ፀጉር ወደ ኋላ መሸሹ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።

እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሰው፣ እንዲሁም በራሱ ላይ ቆረቆር ወይም የማይለቅ ፎረፎር ያለበት፣ ሁለተኛውን ድሬድ ከመጀመሩ በፊት የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል። የተጎዳ ቆዳ ላይ የተጀመረ ድሬድ ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ሁለተኛው ጅማሬ

የአጀማመሩ ዘዴ በፀጉሩ ርዝመትና ዓይነት ይወሰናል። ለአጭርና በጣም ጥምዝምዝ ለሆነ ፀጉር በማበጠሪያ መጠቅለል ይበቃል። ረዘም ላለው ሁለት ሁለቱን እየገመዱ መጀመር ይሻላል፤ ሲታጠብ ቶሎ አይፈታም። በኪሮሽ የሚሠራው ድሬድ በአንድ ቀን የበሰለ ይመስላል፤ ያልሠለጠነ እጅ ግን ዘለላዎቹን ይበጥሳል። ምንም ሳይነኩ በራሱ እንዲገመድ መተውም አንድ መንገድ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ጥቂት ልማዶች የጋራ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በቀላል ሻምፖ ማጠብ፣ ከዚያም በፀሐይ ወይም በካስክ እስከ ውስጡ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሥሩን ማስጠምዘዝ ከአራት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ባይደገም ይመከራል። ሲተኙ ፀጉሩን በሳቲን ሻሽ መሸፈን ከትራስ ጋር እንዳይፋተግ ይከላከላል። ከሰምና ከወፍራም ቅባት ይልቅ ውኃና በትንሹ ቀጭን ዘይት ይበቃል።

የሚያስተው የሌሎች ዓይን

ብዙ ሰው ትዕግሥቱን የሚያጣው በመስታወት ፊት ብቻ አይደለም። ፀጉሩ በተንጨፈረረበት ወቅት ከቤተሰብ፣ ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት የሚመጣው ጫና ከባድ ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ በአንዳንድ አገሮች መለወጥ ጀምሯል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እአአ በ2019 አንዲት የራስታ እምነት ተከታይ ተማሪ በድሬዷ ምክንያት ከትምህርት ቤት መባረሯ መብቷን የጣሰ ነው ሲል ወስኗል። በማላዊም እአአ በ2024 ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የራስታ ልጆች ድሬዳቸውን እንዲቆርጡ ማስገደዳቸው ሕገወጥ መሆኑን በይኗል። ሁለቱም ውሳኔዎች የሚመለከቱት እምነትን ነው፤ ለውበት ብሎ ድሬድ ያሳደገ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

መቁረጥን እንደ ሽንፈት ማየትም በዚህ ቀጣና ካለው ልማድ ጋር አይስማማም። የማሳይ ወጣት ተዋጊዎች በቀጫጭኑ ገምደው፣ ቀይ አፈር ቀብተው ያሳደጉትን ረጅም ፀጉር፣ "ኤውኖቶ" በሚባለው ሥርዓት ላይ እናቶቻቸው ይላጩላቸዋል። የማው ማው ታጋይ የነበሩት ሙቶኒ ዋ ኪሪማ፣ በ1950ዎቹ በጫካ ሳሉ የጀመሩትን ድሬድ አስቆርጠው የተሰናበቱት እአአ በ2022 ነበር።

ስማቸውን ከራስ ተፈሪ የወሰዱት፣ ሻሸመኔም መኖሪያ ያገኙት ራስታዎች ፀጉራቸውን የሚያሳድጉት በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ላይ የሰፈረውን የናዝራዊ ስእለት መሠረት አድርገው ነው። ያው ምዕራፍ ስእለቱ ሳይታሰብ ለፈረሰበት ሰውም ሥርዓት አለው፤ ራሱን ይላጫል፣ ያለፉት ቀናት አይቆጠሩለትም፣ ስእለቱንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለዛሬው ጀማሪ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በየወሩ አንድ ፎቶ ማንሳት ነው። በስድስተኛው ወር ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ጥቅልሎቹ ከወፈሩና ሲታጠቡ መፈታታቸው ከቀነሰ፣ ፀጉሩ ቢንጨፈርርም ሥራው እየሄደ ነው። የግንባሩ ፀጉር ከሸሸ ወይም ሥሩ ከሳሳ ግን ስድስተኛውን ወርም መጠበቅ አያስፈልግም፤ መጎተቱን በዚያው ቀን ማቆም ይገባል።