ኮዱ ውስጥ የቀረው መምሪያ

ኢሙሌተር የአንድን ማሽን አሠራር ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ «ሜም» ነው። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያወጣው የታለመው በሳንቲም ለሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖች ነበር። በ2015 የቤት ኮምፒውተሮችን የሚያስነሳው «ሜስ» ተቀላቀለበት፤ በ2016 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሶፍትዌር ሆነ። የአዘጋጆቹ ዋና ዓላማ ማጫወት ሳይሆን አሮጌ ማሽኖች አሠራራቸው ሳይታወቅ እንዳይጠፉ መመዝገብ ነው። ጨዋታው በትክክል መሥራቱ የምዝገባው ማረጋገጫ ነው።

ያ ምዝገባ የሚገኘው በሶርስ ኮዱ ውስጥ ነው። ፕሮግራመሮቹ የማሽኑን ቦርድ መርምረው፣ የቺፖቹን ቁጥር አንብበው የደረሱበትን በየፋይሉ አስፍረዋል። ለምሳሌ የ1980ውን የናምኮ ኩባንያ ጨዋታ ፓክማንን እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ በ3.072 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ዜድ80 ነው። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ከ4000 የሚጀምረው የሜሞሪ ክፍል ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ምስል፣ ከ4400 የሚጀምረው ደግሞ ቀለሙን ይይዛል። 5080 ላይ የሚነበቡት ቦርዱ ላይ ያሉ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። የማጫወቻ ቤቱ ባለቤት በእነዚህ አማካይነት ለተጫዋቹ 1፣ 2፣ 3 ወይም 5 ሕይወት ይሰጥ ነበር፤ ተጨማሪ ሕይወት በ10,000፣ በ15,000 ወይስ በ20,000 ነጥብ እንደሚገኝም ይወስን ነበር።

ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ለተጠቃሚው በቀላሉ ይደርሳሉ። ፕሮግራመሩ ለእያንዳንዳቸው ስምና ምርጫ ስለሰጠ ሜም ራሱ ሜኑ ላይ ያወጣቸዋል። በማስታወሻነት ብቻ የተጻፈው ግን ፋይሉን ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ካልሆነ ለማንም አይታይም።

ችግሩ የሚጎላው የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የ1983ቱ አፕል ቱ ኢ ልዩ ልዩ ካርድ የሚሰካባቸው ማስገቢያዎች አሉት። ሜምን «ሊስትስሎትስ» በተባለው ትዕዛዝ ስንጠይቀው የእያንዳንዱን ማስገቢያና የሚቀበላቸውን ካርዶች ስም ይዘረዝራል፤ ከነዚህ መካከል «ሞኪንግቦርድ» አለ። የድምፅ ካርድ መሆኑን፣ ብዙ ፕሮግራሞች 4ኛው ማስገቢያ ላይ እንደሚፈልጉት ግን ዝርዝሩ አይናገርም። ማሽኑን በልጅነቱ ያልነካ ወጣት ይህን ከየት ያውቃል?

መፍትሔው የተጠቃሚውን መምሪያ ከኮዱ ጎን ጽፎ በፕሮግራም አማካይነት ማውጣት ነው። ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 የጀመረው ኪውኢሙ የተባለው ኢሙሌተር ለትዕዛዝ አማራጮቹ ይህን ያደርጋል። የአማራጩ ስም፣ አጭር መግለጫውና ሰፊ ማብራሪያው አንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከዚያ ፋይል ፕሮግራሙ የሚያሳየው አጭር እርዳታም፣ በድረ ገጽ የሚነበበው መምሪያም ይወጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አማራጩን የሚቀይር ሰው ማብራሪያውን ዓይኑ ሥር ያገኘዋል፤ ለብቻው የተቀመጠ መምሪያ ግን ሳይታደስ ይከርማል።

የፕሮግራመሩን ማስታወሻ እንዳለ ገልብጦ ማውጣት ግን አይበቃም። ስለ አድራሻና ስለ ቺፕ የተጻፈው ለኮዱ ሠራተኛ ነው። ተጠቃሚው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ካርዱ ምን ይሠራል? የትኛው ማስገቢያ ይስማማዋል? ምን ይስተካከልለት? የትኞቹ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል? እስካሁን ያልተሟላ ነገር አለው? የተወሰነውን ኮዱ ራሱ ሊመልስ ይችላል። «ሊስትኤክስኤምኤል» የተባለው የሜም ትዕዛዝ የማሽኑን ቺፖች፣ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ማስገቢያዎችና ገና ያልተሟሉ ክፍሎች ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ያወጣል። የቀረውን የሚያውቅ ሰው መጻፍ አለበት። ስለዚህ በየመሣሪያው ፋይል ውስጥ ለተጠቃሚ ብቻ የተለየ አጭር ክፍል ቢኖር፣ መምሪያው በወጣ ቁጥር እየተለቀመ ይካተታል።

ለዚህ ሥራ ኮዱ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ካርዱን በእጁ ሰክቶ የተጠቀመበት ሰው የሚጽፋቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፤ ፕሮግራመሩ ትክክለኛነታቸውን አይቶ ይቀበላቸዋል። እነዚያን ማሽኖች በሥራ ዘመናቸው የሚያውቁ ሰዎች እያረጁ ነው። ስለዚህ ማብራሪያው መጻፍ ያለበት እነሱን መጠየቅ በሚቻልበት በዚህ ጊዜ ነው።